ገላጋይ የሌለበት ጠብ

ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጠዋት የተጣሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ተጣልተው አያመሹም። ይህን የምለው ድሬዳዋን ለማሞገስ ሳይሆን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁትን የጠብ አካሄድ ለመናገር ነው። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ከጎን ያለችው ሽንኩርት ሻጭ «ተዉ አቦ!» ትላለች፤ ከሻይ ቤቱ አንድ ሽማግሌ ይነሳል፤ በአማርኛ የተጀመረው ስድብ በኦሮምኛ መልስ ያገኝና በሶማሊኛ ይበርዳል። ገላጋዩ ተጣሊዎቹን ያውቃቸዋል፤ ባያውቃቸው እንኳ እናታቸውን ወይም ሰፈራቸውን የሚያውቅ ሰው በቅርብ አይጠፋም። ጠብ በዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም፤ ገላጋይ ያልበቃው ከባድ ጠብም አይተናል። ሆኖም በአዘቦቱ ኑሯችን ጠቡና ገላጋዩ ተከታትለው ይመጣሉ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት እኔ አትክልት ልገዛ በቆምኩበት ቦታ፣ አንድ ጋሪ የሚገፋ ወጣት ሲያልፍ የጋሪው ጎማ የአንዲትን ሴት የቲማቲም ቅርጫት ገለበጠው። ሴትየዋ ሸሚዙን ጨምድዳ ያዘችው፤ እሱም እጇን አስለቅቆ ጮኸባት። ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ከፈጀ ንግግር በኋላ ወጣቱ ለተጨፈለቀው ቲማቲም የግማሹን ዋጋ ከፈለ፤ የቀረውን ሴትየዋ «ለሽማግሌው ስል» ብላ ተወችለት። በማግስቱ በዚያው ሳልፍ ዕቃዋን ከመኪና ላይ ያወረደላት ያው ወጣት ነበር።

ቪዲዮው ያን ዕለት ማታ ስልኬ ላይ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሸሚዙ ከተያዘበት ይጀምርና ወጣቱ እጁን ወደ ላይ ባነሳበት ቅጽበት ይቆማል። ቅርጫቱ አይታይም፤ ሽማግሌውም የለም። ከላዩ በተጻፈው መግለጫ ሴትየዋ የአንድ ብሔረሰብ፣ ወጣቱ የሌላው ብሔረሰብ ሆነዋል፤ «እናቶቻችን ላይ የሚደረገውን እዩ» የሚል ጥሪም ተጨምሮበታል። እኔ እዚያ ቆሜ የሁለቱንም ብሔረሰብ አላወቅሁም፤ ከነበሩት ሰዎች መካከልም የጠየቀ አልነበረም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቀፊራን ረግጠው የማያውቁ፣ ከሩቅ ከተሞችና ከውጭ አገር የሚጽፉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከሥሩ ይሰዳደቡ ነበር።

ያን ጊዜ የሠራሁትን ስሕተት ለመረዳት ብዙ ወራት ወስዶብኛል። መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው ከቪዲዮው ሥር ነበር። የሆነውን ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው በዝርዝር ጻፍኩ። ሰደቡኝ፤ መለስኩ። ጓደኞቼንም ጠርቼ እንዲመሰክሩ አደረግሁ። የድሬ ልጆች በደርዘን እየመጡ «ይህ ውሸት ነው» እያሉ ጻፉ። እኛ እየገላገልን መስሎን ነበር። ቪዲዮው ግን እኛ በጻፍን ቁጥር ይበልጥ ይሰራጭ ጀመር፤ ምክንያቱም የጽሑፎችን ቅደም ተከተል የሚወስነው ስልተ ቀመር፣ ማለትም በተለምዶ አልጎሪዝም የምንለው የስሌት ሥርዓት፣ የገላጋይን ቃል ከነገር ሠሪ ቃል አይለይም። ሁለቱንም የሚቆጥረው «ሰዎች እዚህ ተጠምደዋል» በሚል ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ካላልኩ ዓመቱ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ኒውስ ፊድ የሚባለውን የጽሑፎች ዝርዝር የሚያደራጅበትን መንገድ ለውጦ «ትርጉም ያለው ማኅበራዊ መስተጋብር» ለሚለው ነገር ቅድሚያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። የተሰጠው ምክንያት መልካም ነበር፤ ሰዎች ዝም ብለው ከሚያዩ ይልቅ ከወዳጅ ዘመድ ጋር እንዲነጋገሩ ማድረግ። በ2021 የኩባንያው ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን ያወጣቻቸው የውስጥ ሰነዶች ግን ስሌቱ በተግባር ምን እንደሚመስል አሳዩ። አንድ ላይክ 1 ነጥብ ሲያሰጥ፣ የፍቅር፣ የሳቅ ወይም የቁጣ ምልክት 5 ነጥብ ያሰጥ ነበር፤ ረዘም ያለ አስተያየት ደግሞ 30 ነጥብ። እንግዲህ እኔ ከዚያ ቪዲዮ ሥር እየተጨነቅሁ የጻፍኳቸው ረጃጅም ማስተባበያዎች ሁሉ፣ እንዲህ ባለ ስሌት ከታዩ፣ ለቪዲዮው የተሰጡ ከፍተኛ ነጥቦች ነበሩ ማለት ነው። የስሌቱ ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ ምላሽን በመቁጠር ላይ መመሥረቱ ግን አልቀረም።

የቁጣ ምልክቷ ታሪክ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ፌስቡክ ከላይክ ሌላ አምስት ስሜት መግለጫዎችን በ2016 ጨመረ፤ ቁጣ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ከ2017 ጀምሮ እያንዳንዷ የላይክን አምስት እጥፍ ትመዝን ነበር። የኩባንያው የራሱ ባለሙያዎች በ2019 ባደረጉት ምርመራ፣ ብዙ የቁጣ ምልክት የሚሰበስቡ ጽሑፎች ከሌሎች ይልቅ ሐሰተኛ መረጃና መርዘኛ ንግግር የያዙ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን አረጋገጡ። ክብደቷ ቀስ በቀስ ተቀንሶ በመስከረም 2020 ዜሮ ተደረገ። እኔን ያስገረመኝ ከዚያ የቀጠለው ነው፤ ሐሰተኛ መረጃና የሚረብሽ ይዘት ለሰዎች የሚደርስበት መጠን ቀነሰ፣ የሰዎች አጠቃቀም ግን አልቀነሰም። ለሦስት ዓመታት ያህል በመላው ዓለም ቁጣ ተጨማሪ ክብደት ተሰጥቶት ኖሯል፤ ሲነሳም ኩባንያው በአጠቃቀም የከሰረው ነገር አልታየም። በእነዚያ ዓመታት እኛ አገር ምን ይሆን እንደነበር የማያስታውስ አንባቢ ይኖራል ብዬ አላስብም።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ደጅ ላይ ወንበር አውጥተን እንቀመጣለን፤ ከአባቴ ቢበልጥም እንደ ድሬ ልማድ አንተ እለዋለሁ፣ እሱም ቅር አይለውም። ስለዚህ ነገር ስነግረው የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ታዲያ ማን ይለፍ፣ ማን ይቁም የሚለውን የሚወስነው ማነው?» የጂቡቲው አሮጌ መስመር አንድ ሐዲድ ብቻ ነበረው፤ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ሲመጡ አንዱ ጣቢያ ገብቶ መቆም፣ ሌላው ማለፍ ነበረበት። ያን የሚወስን ሰው ነበር፤ ስሙም ይታወቅ ነበር፤ ሲሳሳትም ይጠየቅ ነበር። እኔም በስልካችን ላይ የሚወስነው ሰው ሳይሆን ስሌት እንደሆነ፣ ሰው ቆሞ የሚያየውንና የሚመልስለትን ጽሑፍ እንደሚያስቀድም አስረዳሁት። ጥቂት አሰበና «ጡሩምባው የሚጮኸው ባቡር ይለፍ እንደማለት ነዋ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሳስረዳ የምጠቀመው የእሱን አነጋገር ነው።

ጡሩምባው ለምን ይጮኻል የሚለው መልሱ ማስታወቂያ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች የሚሸጡት የእኛን ዓይን ነው፤ ስለዚህ ዓይናችን የቆየበትን ይለካሉ። ዩቲዩብ በ2012 ከታየበት ብዛት ይልቅ ታይቶ የቆየበትን ጊዜ መመዘን ጀመረ፤ ቲክቶክም አንድን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ማየታችንን ወይም ደግመን ማየታችንን ይቆጥራል። በንዴት የሚያይ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ያያል። በቀጥታ ስርጭት ላይ ተመልካች የሚልከው በገንዘብ የሚለወጥ ስጦታ ሲጨመርበት፣ ተሳዳቢው ለስድቡ ወዲያውኑ ገንዘብ የሚያገኝበት ገበያ ይፈጠራል፤ በአማርኛ የሚደረጉ እንዲህ ያሉ ስርጭቶችን ያየ ሰው የምለውን ያውቀዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ይህ ሥርዓት በእኛ ጠባይ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ለዚህም ሩቅ ሳልሄድ ራሴን ምስክር አድርጌ አቀርባለሁ። ስለ ድሬዳዋ አሮጌ ፎቶግራፎች የምጽፍበት ትንሽ ገጽ አለኝ። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ከተማዋ እንዴት እንደተቆረቆረች፣ የከዚራ ጎዳናዎች እንዴት እንደተቀየሱ፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ስንቱን እንደወሰደ ስጽፍ፣ ሠላሳ አርባ ሰው ያነባል። የቀፊራው ነገር ከመጣ በኋላ በብሽቀት አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ። ቪዲዮውን ያሰራጩትን ሰዎች ብቻ ሳይሆን ደጋፊዎቻቸውን በሙሉ በአንድ ስም ጠቅልዬ ሰደብኩ። ጽሑፉ በአንድ ሌሊት ለስምንት መቶ ሰው ተጋራ። ጠዋት ስነሳ የተሰማኝ ሐፍረት አልነበረም፤ ደስታ ነበር። በሳምንቱ ሌላ ተመሳሳይ ጻፍኩ፤ ቃሉ ከመጀመሪያው የከረረ ነበር። ሦስተኛውን ልለጥፍ ስል ባለቤቴ አንብባ «ይህን ማን ነው የጻፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ መሆኔን እያወቀች ነው የጠየቀችኝ። ሦስተኛውን ሰረዝኩት፤ ሁለቱንም አወረድኳቸው፤ ቀድተው ያስቀመጧቸው ሰዎች ግን አሁንም አሏቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ያሉት አባቶቻችን፣ የጣትም ወለምታ እንደዚያው ነው።

በኋላ ሳነብ፣ በእኔ ላይ የደረሰው የብዙዎች ታሪክ እንደሆነ ተረዳሁ። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ባሳተሙት ጥናት የ7,331 የትዊተር ተጠቃሚዎችን 12.7 ሚሊዮን ጽሑፎች መርምረው ነበር። ዛሬ ቁጣውን ገልጾ ብዙ ላይክና ማጋራት ያገኘ ሰው፣ ቀጥሎ በሚጽፈው ላይ ቁጣውን የመድገም ዝንባሌው ይጨምራል። ይህም ማለት ሽልማቱ ያስተምራል። በዚህ ትምህርት ይበልጥ የሚለወጡትም ለዘብ ያለ አቋም ባላቸው ሰዎች መካከል የሚጽፉት ናቸው፤ በጽንፈኞች መካከል ያሉት ከመጀመሪያውም ስለሚቆጡ ሽልማቱ ብዙም አይጨምርባቸውም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት፣ አከራካሪ በሆኑ የአሜሪካ ጉዳዮች ላይ የተጻፉ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የትዊተር መልእክቶችን መርምሮ፣ ስሜትንና ግብረ ገብን አጣምሮ የያዘ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቃል የመልእክቱን መዛመት በ20 በመቶ ገደማ እንደሚያሳድግ አግኝቷል። «አሳፋሪ»፣ «ከሃዲ»፣ «ክፉ» የሚሉ ቃላትን ያስቡ። እኔ በዚያ ሌሊት ጽሑፌ ውስጥ ሦስቱንም ተጠቅሜያቸው ነበር።

አንድ ወዳጄ «ሰው የወደደውን ነው የሚያየው፤ ማሽኑ ምን አጠፋ?» ብሎ ይሞግተኛል። ሙግቱ ቀላል አይደለም። በ2020ው የአሜሪካ ምርጫ ወቅት የተደረገና በ2023 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ የፌስቡክና የኢንስታግራም ተጠቃሚዎችን ለሦስት ወራት ያህል ጽሑፎችን በጊዜ ቅደም ተከተል ብቻ እንዲያዩ አድርጎ፣ የፖለቲካ አመለካከታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። ስለዚህ ስሌቱን ብናነሳው ጥላቻችን በሦስት ወር ይጠፋል ብዬ አልናገርም፤ የእኛ ቁስል ከፌስቡክ ዕድሜ ይበልጣል። «የወደደውን ነው የሚያየው» የሚለውን ግን አልቀበልም። በ2025 የታተመ ሌላ ጥናት ተጠቃሚዎችን በቀጥታ ጠይቋል። የትዊተር ስሌት ከጊዜ ቅደም ተከተሉ ጋር ሲነጻጸር የተቃራኒን ወገን የሚያጥላሉ፣ ቁጣ ያዘሉ ጽሑፎችን ከፍ አድርጎ ያሳይ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ግን ስሌቱ የመረጠላቸውን ፖለቲካዊ ጽሑፎች እንደማይመርጧቸው ተናገሩ። እኔም ያንን የቀፊራ ቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አልወደድኩትም። ዓይኑ በጠብ ላይ የቀረ ሰው ሁሉ ጠብ ወዳድ ነው ብሎ መፍረድ፣ ቃጠሎ ያዩ ሰዎች ሁሉ እሳት ይወዳሉ እንደማለት ነው።

እኛ ላይ የሚከብድበት ሌላ ምክንያትም አለ። በዚያው በሃውገን ሰነዶች መሠረት፣ ፌስቡክ በ2020 ሐሰተኛ መረጃን ለመለየት ካዋለው ጊዜ ውስጥ ከአሜሪካ ውጭ ላለው ዓለም የደረሰው 13 በመቶ ብቻ ነበር። የቀረውን ዓለም ሁሉ በዚህች 13 በመቶ ውስጥ አስቡት፤ ከዚያ አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ሶማሊኛንና ትግርኛን ፈልጉ። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሦስቱን ቋንቋዎች በአንድ አረፍተ ነገር የሚደባልቅ፣ አማርኛውንም አንዳንዴ በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። የማባባሱ ስሌት ቋንቋ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሰው መቆሙንና መመለሱን ብቻ ይቆጥራል። የመግታቱ ሥራ ግን ቋንቋውን፣ ሽሙጡንና ቅኔውን ማወቅ ይፈልጋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት የሚጎዳው እኛን ነው።

ይህ ጉዳት ከስድብ እንደሚያልፍ የምናውቅ ነን። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በፌስቡክ ላይ ከክስ ጋር ተለጥፎ ከተሰራጨ በኋላ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በቤታቸው አጠገብ ተገደሉ። ልጃቸው ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ኬንያ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክ ባለቤት በሆነው ሜታ ላይ ክስ መሠረተ፤ ከክሱ ነጥቦች አንዱም ስሌቱ የጥላቻ ጽሑፎችን ከፍ አድርጎ አሰራጭቷል የሚል ነው። ኩባንያው ክሱን ይቃወማል። ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። የመጨረሻውን ፍርድ የምጠብቀው በአገሬ የደረሰ ነገር ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን የወሰነ አካል ስለ ውሳኔው በአህጉራችን ሊጠየቅ መቻል አለመቻሉን ስለሚነግረን ጭምር ነው።

አገራችን በ2012 ዓ.ም. ያወጣችው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 በአመዛኙ የሚያየው ተናጋሪውን ነው። ሐሰተኛ መረጃን ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ያሰራጨ ሰው ቅጣቱ ይከብድበታል፤ አገልግሎት ሰጪዎቹም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን ማንሳት አለባቸው። ተናጋሪ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ እኔም በጻፍኩት ልጠየቅ ይገባኝ ነበር። ይሁን እንጂ የአሥራ ዘጠኙ ሰከንድ ቪዲዮ ባለቤት ስንት ተከታይ እንደነበረው አይቻለሁ፤ ከሁለት መቶ አይበልጡም። ቪዲዮውን ለብዙ ሺህ ሰው ያደረሰው የእሱ ተከታይ ብዛት አይደለም። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ማንሳት ሲባልም፣ የእኛ ቪዲዮ በአሥራ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ሥራውን ጨርሶ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ባጸደቀው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ትልልቆቹ መድረኮች የተጠቃሚን ማንነትና ልማድ በማጥናት ላይ ያልተመሠረተ፣ ጽሑፎች የሚደረደሩበት ቢያንስ አንድ አማራጭ እንዲያቀርቡ አስገድዷል። የእኛ ሕግ አውጪዎችም ከተናጋሪው አልፈው ጡሩምባውን ሰምቶ ባቡር የሚያሳልፈውን ስሌት እንዲመለከቱ እመኛለሁ፤ ይህን ስል ኢንተርኔት ይዘጋ ማለቴ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ለሳምንታት ሲዘጋ ሐሰቱም እውነቱም አብረው ጠፉ፤ ወሬው ግን በስልክና በአፍ ቀጠለ።

እኔ በበኩሌ ጥቂት ልማዶችን ለውጫለሁ። ፌስቡክ ላይ ከ2022 ጀምሮ የወዳጆችን ጽሑፍ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያሳይ ክፍል ስላለ እሱን እከፍታለሁ፤ መነሻ ገጹ ላይ ስለማይቀመጥ ፈልጎ ማግኘት ይጠይቃል። ውሸት ሳይ ከሥሩ አልጽፍም፤ ጥቆማ እሰጥና እውነቱን ለብቻው፣ ቪዲዮውን ሳላያይዝ በራሴ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። ያነበቡት ሠላሳ ሰዎች ቢሆኑ ሠላሳ ሰዎች ናቸው።

ያ ቪዲዮ ግን አልሞተም። ከሁለት ሳምንት በፊት አዳማ የሚኖር አንድ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ላከልኝ። የከተማው ስም ተቀይሯል፤ የሴትየዋና የወጣቱ ብሔረሰብም ተገላብጧል፤ አሁን በዳይዋ እሷ ናት። በጽሑፍ አልመለስኩለትም፤ ደወልኩለት። ስለ ቅርጫቱ፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ግማሹ ዋጋ፣ በማግስቱ ስላወረደላት ዕቃ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ፤ «እዚያ ነበርክ እንዴ?» አለኝ፤ አዎ አልኩት። ከስልኩ ላይ ሊያጠፋው ቃል ገባልኝ፤ እንዳጠፋውም አምናለሁ። ለእኔ ከመላኩ በፊት ለስንት ሰው እንዳስተላለፈው ግን አልጠየቅሁትም።